ባልዲ የያዘችው ሴት

ባለፈው ሳምንት አንድ ጠዋት ልጄ ሊያ ጫማዋን እያሰረች፣ «ማሚ፣ ኤንትሹልዲጉንግ ጻፊልኝ» አለችኝ። ከዚያ በፊት ሁለት ቀን ጉንፋን ይዟት ከትምህርት ቤት ቀርታ ነበርና አስተማሪዋ ወረቀት ትፈልጋለች። እዚህ አገር ልጅ ታሞ ሲቀር ወላጅ የሚልከው ወረቀት ስሙ «ይቅርታ» ነው። ያስነጠሰው ልጅ፣ ይቅርታ የሚጠይቀው ወላጅ። እስክሪብቶ አንሥቼ የመጀመሪያውን መስመር ጀመርኩና እጄ ቀጥ አለ። ሊያ በጀርመንኛ ቶሎ በይ እያለች በሩ ላይ ትቁነጠነጣለች። ጨርሼ ሰጠኋት፣ ሄደች። እኔ ግን ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ከጠረጴዛው አልተነሣሁም። ብዙ ዓመት ሆኖታል እንጂ ሌላ የይቅርታ ወረቀትም ፊቴ ተቀምጦ ያውቃል። ያንን የጻፍኩት እኔ አልነበርኩም።

የዓለም ዋንጫ እዚህ ጀርመን ከተካሄደ በዓመቱ ነው፤ ሃያ ዓመት ልደፍን ጥቂት ወራት ቀርተውኛል። የምንኖረው ፍራንክፈርት ዳር፣ ቦናመስ በሚባል ሰፈር፣ ቤን ጉሪዮን ሪንግ የተባለው መንገድ ላይ ካሉት ረጃጅም ፎቆች በአንዱ ውስጥ ነበር። አባቴ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ይጭናል፣ እናቴ ሆስፒታል ታጸዳለች። እኔ ጉትሎይትፊርቴል በሚባለው ሰፈር ውስጥ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ እየሠራሁ ሙያውን እማራለሁ። ሙያ ይባል እንጂ ቀኑን ሙሉ የማነሣው የፓስፖርት ፎቶ ነበር። አዲሱ ደንብ ከወጣ ገና ብዙም አልቆየም፤ መሳቅ ክልክል፣ አንገት ማዘንበል ክልክል፣ ጥላ ክልክል። ሰውን ሁሉ ነጭ ግድግዳ ፊት አስቀምጬ ፊቱ ላይ ያለውን ነገር እንዲያጠፋ ስለምን እውላለሁ። ማታ ቤት ስገባ ያየኋቸው ሰዎች በሙሉ አንድ ሰው ሆነው ይታዩኝ ነበር።

እሑድ ግን ሌላ ነው። እሑድ ጉባኤ አለን። ጴንጤ ነን፤ አባቴ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ እኔ ከመዘምራኑ ጋር ሁለተኛ ድምፅ ነበርኩ። ለስድስት ዓመት የተሰበሰብነው ግሪስሃይም፣ ከአንድ የጎማ መጋዘን ጀርባ በተከራየነው አዳራሽ ውስጥ ነው። ግሪስሃይምን ለማያውቅ ሰው፦ ማይን ወንዝ አጠገብ ያለ የፋብሪካና የመጋዘን ሰፈር ነው፤ ነፋሱ ከወንዙ ሲመጣ የኬሚካል ሽታ ይዞ ይመጣል። አዳራሹ ክረምት ላይ በረዶ ቤት ነው። ልጆቹ ከኅዳር እስከ መጋቢት ያስላሉ። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ማይክራፎን ላይ ካልተጮኸ ስብከቱ አይሰማም። ከአምልኮ በኋላ እናቶች በየምግብ መያዣው ያመጡትን ሽሮና ድንች ወጥ ሲከፍቱ ሽታው ከጎማው ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫችን ውስጥ ይቀራል። አሁንም ጎማ ቤት ስገባ ሽሮ ያምረኛል።

በዚያ ጸደይ ፓስተራችን የምሥራች ይዘው መጡ። እዚያው ግሪስሃይም ያለ አንድ የጀርመኖች ቤተ ክርስቲያን ምእመናኑ አርጅተው አልቀውበታል፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሊያከራዩን ፈቅደዋል። እስከ መስከረም በሙከራ እንድንገባ፣ ከተስማማን ውል እንድንፈራረም። እልልታው ቆርቆሮውን አናወጠው። ፓስተሩ ራሳቸው አለቀሱ። ሌሊት ዳቦ ቤት እየሠሩ፣ ቀን ደግሞ ያለ ደመወዝ እኛን እያገለገሉ አዳራሽ ሲፈልጉ የኖሩ ሰው ናቸው። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ ክፉ ሰው አልነበሩም።

የመጀመሪያው እሑድ ስንገባ ከሁሉ በፊት ያየሁት የእናቴን ነጠላ ነው። ቀይ ሆኗል። ቀና ስል በስተቀኝ፣ ፀሐይ በሚገባበት በኩል፣ ሰባት ረጃጅም ባለቀለም መስኮቶች ተደርድረዋል። ሕንጻው በጦርነቱ ጊዜ ተቃጥሎ እንደገና የተሠራ ተራ የጡብ ቤት ነው፤ ከውጭ ሲታይ ትምህርት ቤት ነው የሚመስለው። ውስጡ ግን ቀዩ፣ ሰማያዊው፣ አረንጓዴው፣ የማር መልክ ያለው ቢጫ ወለሉ ላይ ፈሷል። የአንዱ ሕፃን ጉንጭ አረንጓዴ፣ የሌላው እጅ ወርቅ። ያን ቀን ምን እንደተሰበከ አላስታውስም። የማስታውሰው ሰው በነጭ ግድግዳ ፊት ብቻ ፎቶ መነሣት እንዳለበት ማን ወሰነ ብዬ ማሰቤን ነው።

የቤተ ክርስቲያኑን ቁልፍ የሚይዙት ፍራው ብራንት የሚባሉ ሰባ ያለፉ አሮጊት ነበሩ፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ቁልፉን በወገባቸው የሚያንጠለጥሉ። በጀርመንኛ ጉባኤውን ወክዬ የማነጋግራቸው እኔ ነኝ፤ በዚህ አገር ያደግን ልጆች ሁሉ የወላጆቻችን አፍ ነበርን። ሐኪም ቤት፣ ቀበሌ፣ ግብር ቢሮ፣ የቀጠሮ ቀን ደርሶ «ቴርሚን አለኝ፣ ነይ» ከተባልን ደብተራችንን ጥለን እንሄዳለን። እና ፍራው ብራንትን ስለ ሰዓትና ስለ ወንበር ካነጋገርኳቸው በኋላ በራሴ አፍ አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። «መስኮቶቹን ፎቶ ላነሣ?»

«ለምን?» አሉኝ።

«ስለሚያምሩ።»

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና፣ «ሠላሳ ዓመት ቁልፍ ይዤ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አሉ። ረቡዕ ከሰዓት ፎቶ ቤቱ ስለሚዘጋ ረቡዕ ረቡዕ እንድመጣ ተስማማን።

አለቃዬ አሮጌ ዲጂታል ካሜራና ባለ ሦስት እግር መቆሚያ አዋሰኝና አንድ ምክር ጨመረልኝ፦ «ፀሐይ ስትወጣ አትሂጂ። ደመና ጠብቂ።» አላመንኩትም፣ ሞከርኩት፣ እውነቱን ነው። ፀሐይ የመታው መስታወት ለዓይን ያምራል እንጂ ለካሜራ አይመችም፤ አንዱ ጥግ ይቃጠላል፣ ሌላው ይጨልማል። ደመና ግን ብርሃኑን ነፍቶ እኩል ያከፋፍለዋል። የውስጡን መብራት በሙሉ ታጠፋለህ፣ ካሜራውን ለመስታወቱ ብርሃን ብቻ ታስተካክላለህ፣ ትንፋሽህን ትይዛለህ። ግድግዳው ጥቁር ሆኖ ይጠፋና መስታወቱ ብቻውን አየር ላይ ይቀራል። የፍራንክፈርትን ደመና ስረግመው ኖሬ የታረቅነው በዚያ በጋ ነው።

ፍራው ብራንት አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። አንድ ረቡዕ ቤታቸው ወስደው ምሳ አበሉኝ፤ ይህ ከተማ የሚኮራበትን አረንጓዴ ሶስ፣ ሰባት ዓይነት ቅጠል በእርጎ ተፈጭቶ፣ ከተቀቀለ እንቁላልና ድንች ጋር። ቀዝቃዛ መሆኑን ሳላውቅ ትኩስ መስሎኝ እፍ ብዬ ጎረስኩ። እስኪያስላቸው ሳቁ።

ከሰባቱ መስኮቶች የመጨረሻው ምንም ሥዕል የለውም፤ ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ ነው። አባቴ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እሱ አጠገብ ነበር የሚቀመጠው። ሌሎቹ ላይ ግን ሰው አለ። ጀልባና ዓሣ የሚጎትቱ ሰዎች፣ በጣሪያ በኩል በገመድ የሚወርድ ሽባ፣ የምትቃጠል ከተማ። አምስተኛው ላይ ራሷን በሻሽ ያሰረች፣ ሰማያዊ የለበሰች፣ ዓይኗን ዝቅ ያደረገች ሴት ቆማለች። ችግሩ የመጣው ከእሷ ነው።

«ማርያምን ፊታችን አቁመው ልንዘምር ነው?» የሚል ሹክሹክታ በሰኔ ጀመረ፤ በሐምሌ ንግግር ሆነ። ብዙዎቻችን ከኦርቶዶክስ ቤት የወጣን ነን። አባቴ ጴንጤ ሲሆን የገዛ አባቱ ከቤት አባሮታል። በደርግ ጊዜ ደግሞ በእምነቱ ታስሮ፣ «ትቼዋለሁ ብለህ ፈርም፣ ውጣ» ሲባል አልፈርምም ብሎ አሥራ አንድ ወር ተቀምጧል። ምስል ለእሱ ምስል ብቻ አይደለም፤ የተባረረበት በር ነው። ያ ይገባኝ ነበር። ይሁንና እኔ ያቺን ሴት በረጅሙ ሌንስ በቅርብ አይቻታለሁ። በራሷ ዙሪያ የብርሃን አክሊል የላትም። ከታች በኩል፣ አግዳሚው ወንበር ከሚጋርደው ቦታ፣ ባልዲ ይዛለች። ባልዲው ውስጥ ጡብ አለ። ያደረገችው የወንድ ጫማ ነው፣ ክሩ ያልታሰረ።

ፍራው ብራንትን ጠየቅኳቸው። «ከጦርነቱ በኋላ ፍርስራሹን ጠርገው ይህን ሰፈር ካቀኑት ሴቶች አንዷ ናት» አሉ። «ወንዶቹ ሞተዋል፣ ወይም ተማርከዋል። እናቴም ነበረችበት። ጫማው የአባታችን ነው፣ አይደለም እያልን እኅቴና እኔ እንጣላ ነበር። የማን እንደሆነ ማን ያውቃል።»

ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንድ ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ቤታችን ተሰበሰቡ። ሻይ እያቀረብኩ ሁሉንም ሰማሁ። መስኮቶቹ በነጭ ላስቲክ ይሸፈኑ ተባለ። «እውነቱን ብንነግራቸው ይቀየሙናል» አሉ ፓስተሩ፤ «ፀሐዩ የፕሮጀክተሩን ጽሑፍ ያደበዝዝብናል እንበላቸው። ደግሞም ይደበዝዛል።» ማንም አልተቃወመም። አባቴም።

በሳምንቱ ፓስተሩ፣ አባቴና እኔ ፍራው ብራንት ዘንድ ለውሉ ሄድን። የቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ መስኮት ክፍት ነው፤ የፕሪም ኬክ ጋግረው አቅርበዋል፣ ተርቦቹ በላዩ ይዞራሉ። ስለ ሰዓቱ፣ ስለ ጽዳቱ፣ ስለ ቁልፉ ተስማማን። ከዚያ ፓስተሩ ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ «በያቸው፣ መስኮቶቹን መሸፈን እንፈልጋለን። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሲገባ ግድግዳው ላይ የምናሳየው የመዝሙር ግጥም አይነበብም» አሉኝ።

«ፓስተር፣ ምክንያቱ እሱ አይደለም እኮ።»

«እሱም አንዱ ነው። አንቺ ተርጉሚ፣ ፌቨን።»

አባቴን አየሁት። ሹካውን በኬኩ ዙሪያ ያዞራል። ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የአባቴን አፍ ጠብቄ አላውቅም። ከኬኩ ቆርሶ ጎረሰ። ፍራው ብራንት መነጽራቸውን አስተካክለው ይጠብቃሉ።

በጀርመንኛ እንዲህ አልኳቸው፦ «መስኮቶቹን መሸፈን ይፈልጋሉ። ንገሪያቸው የተባልኩት ምክንያት ፀሐይ ነው። ትክክለኛው ምክንያት ግን የሰው ምስል ባለበት ማምለክ ጣዖት ስለሚመስላቸው ነው።»

ፍራው ብራንት መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉት። «አንቺስ? አንቺም እንደዚያ ይመስልሻል?»

«ናይን» አልኩ።

«ናይን» የምትለዋን፣ አይ ማለት የሆነችውን ቃል ግን ፓስተራችንም ያውቋታል። «ምንድን ነው ናይን ያልሻቸው?» አሉኝ በአማርኛ። እዚያው፣ ኬኩ ፊት፣ ያልኩትን ቃል በቃል ነገርኳቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ። ፍራው ብራንት የቤተ ክርስቲያኑ ምክር ቤት ተነጋግሮ መልስ እንደሚሰጥ ነገሩንና በር ድረስ ሸኙን። ቀዝቃዛም ሞቅ ያሉም አልነበሩም።

ትራም ፌርማታው ላይ ፓስተሩ ድምፃቸውን ሳያነሡ ተናገሩኝ፤ ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። «ዘጠኝ አዳራሽ አንኳኩቻለሁ። ዘጠኝ በር ተዘግቶብኛል። እነዚያ ሕፃናት መጪውን ክረምት ቆርቆሮ ቤት ቢያስሉ በአንቺ ነው።»

እውነት ነበራቸው። እኔም እውነት ነበረኝ። ሁለት እውነት ትራም ሲጠብቅ ዝም ብሎ መቆም ብቻ ነው።

ወረቀቱ ሐሙስ ዕለት በአባቴ እጅ መጣልኝ። በኮምፒውተር የተጻፈ፣ አራት መስመር። «የተሰጠኝን የማስተርጎም አደራ አጉድዬ ጉባኤውን ስላሳፈርኩ ይቅርታ እጠይቃለሁ» ይላል፤ ከሥር ስሜና የፊርማ ቦታ። እሑድ በጉባኤው ፊት አንብቤ እንድፈርም። ካልሆነ ከአገልግሎት እታገዳለሁ። አባቴ ወረቀቱን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አኑሮ ቆመ። እናቴ ሽንኩርት መክተፏን ሳታቆም ታዳምጣለች።

ክፍሌ ገብቼ የአምስተኛውን መስኮት ፎቶ አመጣሁና ከወረቀቱ ጎን አስቀመጥኩት። «እያት፣ አባዬ። ማርያም አይደለችም። ባልዲ ነው የያዘችው። ጫማዋን እየው።»

አላየም። «ማርያም ሆነች አልሆነች፣ የማያውቅ ሰው ማርያም ናት ብሎ ይሰግዳል።»

«እሺ ይሁን። ታዲያ እንደዚያ ብለን ለምን አልነገርናቸውም?»

«ትልቅ ሰው ሲናገር ተርጉሚ ተባልሽ እንጂ ፍረጂ አልተባልሽም።»

«አንተም ፈርም ተብለህ ነበር።»

የእናቴ ቢላዋ ቆመ። በቤታችን ያንን ነገር እንደ መሣሪያ ያነሣው ሰው አልነበረም። «እኔ ያልፈረምኩት ለጌታ ነው» አለ አባቴ ቀስ ብሎ። «አንቺ ግን ለመስታወት ነው።»

«ለመስታወት አይደለም። ውሸቱን በእኔ አፍ ስለፈለጋችሁት ነው።»

ጃኬቱን ለብሶ ወጣ። እናቴ ሽንኩርቱን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ፣ «አንቺም እሱም አንድ ናችሁ፤ መሐል የምነደው እኔ ነኝ» አለችና አለቀሰች። በሽንኩርቱ ማሳበብ አልቻለችም።

እሑድ ደረሰ። ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቷል፤ ወሬው ቦናመስንም ግሪስሃይምንም አዳርሷል። የምክር ቤቱ መልስ ገና አልመጣም፣ ሁሉም ግን አዳራሹን እንዳጣነው፣ ያጠፋሁትም እኔ እንደሆንኩ ያምናል። ወደ ፊት ተጠራሁ። ጀግና ነበርኩ ብዬ አልዋሽም። ጓደኞቼ መዘምራኑ ከኋላዬ በሁለት መስመር ቆመዋል፣ በሁለተኛ ድምፅ በኩል የእኔ ቦታ ክፍት ነው። ወረቀቱን ዘርግቼ ማይክራፎኑን ያዝኩ።

«ይህን ወረቀት የጻፍኩት እኔ አይደለሁም» አልኩ። «ስለዚህ አላነበውም። ፍራው ብራንት የጠየቁኝን—»

ማይክራፎኑ ጠፋ። ፓስተሩ ለድምፅ ሠራተኛው ምልክት ሲሰጡ በዓይኔ ጥግ አይቻለሁ። መጋዘኑ ውስጥ ብንሆን ነገሩ እዚያ ላይ ባለቀ። ይህ ቤት ግን ማይክራፎን ከመኖሩ በፊት ለነበረ ሰው በሚስማማ ስልት የተሠራ ነው፤ ጣሪያው ድምፄን ተቀብሎ እስከ በሩ አደረሰው። «—የጠየቁኝን በእውነት መለስኩ» አልኩ። የራሴ ድምፅ አስደነገጠኝ። እናቶች ቀና አሉ።

ያኔ ፓስተሩ ለመዘምራኑ እጃቸውን አነሡ፣ ኪቦርዱ ጀመረ፣ ጓደኞቼ ዘፈኑብኝ። ዘመሩብኝ ማለት ነበረብኝ፤ ግን እንደዚያ አልነበረም። ጉባኤው ተነሥቶ አብሮ ዘመረ። ወርጄ እንድሄድ ነው። አልሄድኩም። ወረቀቱን ይዤ እዚያው ቆምኩ። መዝሙሩ ረጅም ነው፣ እያንዳንዱን ስንኝ አውቀዋለሁ፣ ሁለተኛው ድምፅ እንደሳሳ ይሰማኛል፤ እኔ የለሁበትምና። ፀሐይ ወጣች። የአምስተኛው መስኮት ሰማያዊ ጫማዬ ላይ አረፈ። አዝማቹን ደገሙት፣ ሠለሱት። ፓስተሩ እንዲደግሙት በእጃቸው እያዞሩ ነበር። እኔም ቆሜያለሁ። ሰው ለዘላለም አይዘምርም፤ ትንፋሽ ያልቃል። አንድ ጊዜ ኪቦርዱ ዝቅ አለ፣ ጭብጨባው ሳሳ፣ አንዱ ሕፃን አለቀሰ፣ ከዚያ ጸጥ አለ።

«ለውሸት አፌን አላዋስኩም» አልኩ፤ «ስለዚህም ይቅርታ አልጠይቅም።»

ወረቀቱን ለሁለት አጥፌ መድረኩ ላይ አስቀመጥኩና በመሐል መተላለፊያው ወጣሁ። አንድም ሰው አልተከተለኝም። አባቴን ሰማያዊው መስኮት አጠገብ አለፍኩት፤ ወለሉን ያይ ነበር። በሩ ከባድ ነው፣ በትከሻዬ ገፋሁት። ውጭ ከወንዙ በኩል ያ የኬሚካል ሽታ መጣብኝ፤ አጥሩን ተደግፌ አለቀስኩ። በእልህ ነው ያለቀስኩት። ያን ያህል ሰው አብሮኝ አድጎ ስወጣ አንድ እንኳ ቀና ብሎ አላየኝም።

የምክር ቤቱ ደብዳቤ ዘጠኝ ቀን ቆይቶ መጣ። መስኮቶቹ አይሸፈኑም፤ በዚህ ከተስማማችሁ ቤቱ የእናንተ ነው ይላል። ችግራችሁን በግልጽ ስለነገራችሁን እናመሰግናለን የሚል አንድ ዓረፍተ ነገርም ነበረበት። እናቴ ናት ይህን የነገረችኝ። ጉባኤው ፈረመ። ፓስተሩ ግን አልጠሩኝም፣ እኔም አልሄድኩም።

አባቴ አምስት ሳምንት አላናገረኝም። ከዚያ በጥቅምት አንድ ዝናባማ ከሰዓት የፎቶ ቤቱ በር ደወል ጮኸ፤ ቀና ስል እሱ ነው። የጀርመን ዜግነት ሊያመለክት ፎቶ ያስፈልገዋል። ቦናመስ አቅራቢያ ሦስት ፎቶ ቤት አለ። የለበሰው የእሑድ ሱፉን ነው።

«ቁጭ በል» አልኩት። ተቀመጠ። አገጩን ቀና አደረግኩለት፤ ከልጅነቴ ወዲህ ፊቱን ነክቼው አላውቅም ነበር። ካሜራው ኋላ ስገባ ማውራት ጀመረ፤ ፊቴ ስላልታየው ይመስለኛል።

«ፓስተር ያንን በያቸው ሲሉሽ ተው ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ሽማግሌ የተባልኩት ለዚያ ነበር።»

የሌንሱን ቀለበት አዞርኩ።

«ምስሉ ግን መሸፈን ነበረበት» አለ ወዲያው። «እሱን አልለወጥኩም። እውነቱን ነግረን፣ ለምነን፣ መሸፈን ነበረበት።»

«መሸፈን አልነበረበትም።»

«ነበረበት።»

«አባዬ፣ አፍህን ካልገጠምክ ፎቶው አይወጣም።»

በከንፈሩ ጫፍ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። «አትሳቅ» አልኩት፤ «አይቀበሉትም።» ስድስት ጊዜ አነሣሁት። ስድስቱም አልሆኑም። ሰባተኛው ላይ ሁለታችንም ደክሞን ፊታችን ደረቀ፣ ለመንግሥት የሚሆን ፎቶ ተገኘ።

ጉባኤው በዚያ ቤት ብዙ ዓመት አመለከ። መስኮቶቹ አልተሸፈኑም፤ ልጆች ከሥራቸው አደጉ፣ ተሞሸሩ፣ ማንም ሲሰግድላቸው አልታየም። ፍራው ብራንት ፎቶዎቼን በቤተ ክርስቲያኑ መተላለፊያ ሰቀሏቸው፣ አንድ ቄስ አይቶ ለራሱ ቤተ ክርስቲያን ጠራኝ፣ እሱ ለሌላ ነገረ። ዛሬ ይኸው ሥራዬ ነው። በዚህ አካባቢ ቤተ ክርስቲያን ሊዘጋ ወይም ሊሸጥ ሲል መስኮቶቹ ከመነቀላቸው በፊት ይደውሉልኛል። መቆሚያዬን ስተክል «የጽዳት ሠራተኛዋ ነሽ?» ብለው የሚጠይቁኝ አሉ፤ መብራቱን እንዲያጠፉልኝ አዛቸዋለሁ። ፍራው ብራንት ካረፉ ቆይተዋል። እገዳዬ ግን እስካሁን አልተነሣም፤ ያነሣውም ያስታወሰውም የለም።

አባቴ አሁን ጡረታ ወጥቷል፣ ጉልበቱ ያመዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳ አብረን እንበላለን። «ዛሬም ምስል ስታነሺ ዋልሽ?» ይለኛል። አዎ ስለው፣ «እግዚአብሔር ይርዳሽ» ይላል። ምርቃት ይሁን ተግሣጽ ጠይቄው አላውቅም።

ለእናቴ እንባ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ያንን የእስር ቤት ነገር ወጥ ቤት ውስጥ በአባቴ ላይ ስላነሣሁበትም ጠይቄዋለሁ። ይቅርታ የማታውቅ ሴት አይደለሁም። ሰው ሲበስል የልጅነት እልሁ ይጸጽተዋል ሲሉ እሰማለሁ። እኔም ጠብቄዋለሁ፤ ጠጉሬ መሸበት ጀምሯል፣ ጸጸቱ ግን አልመጣም። ቢመጣም በሩን የምከፍትለት አይመስለኝም።